ማስተር አምሐ ተክለሃይማኖት፣ የአየር ጤናው ባለ ግራ እግር

ማስተር አምሐ ተክለሃይማኖት ከአባታቸው ከአቶ ተክለሃይማኖት የኔሰው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌማርያም ቀዳማዊ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ከጎጃም መጥተው አየር ጤና የከተሙ ጎሚስታ ነበሩ። እናታቸው ከሸዋ ናቸው።

ትምህርታቸውን እዚያው በሰፈራቸው ተከታትለው በ1984 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀዋል። ውጤታቸው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። ራሳቸው ሲያወሩት «ፈተናው በእግር ቢሆን አልፍ ነበር» ይሉ ነበር።

ከትምህርት ሲመለሱ አባታቸውን ያግዙ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው አልላቀቅ ሲል ሌላው ሰው ፌሮና መዶሻ ይዞ ይታገላል። እሳቸው በግራ ተረከዛቸው ጠርዙን እየዞሩ ይረግጡትና ያላቅቁታል። ሾፌሮች የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ቆመው ያዩአቸው ነበር። አቶ ተክለሃይማኖትም «ፌሮ ቢጠፋብኝ ግድ የለኝም፣ ልጁ አለልኝ» ይሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. በቀበሌው አዳራሽ የቴኳንዶ ሥልጠና ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆኑ። አዳራሹ በማይከፈትባቸው ቀናት ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያረጀ የጎማ ከመነዳሪ በጨርቅ ጠቅጥቀው ሰቅለው ይለማመዱ ነበር። የዚያን ጊዜ አብረዋቸው የሠለጠኑ ሰዎች እንደሚሉት፣ ያ ግራ እግር ሲነሣ አይታይም፤ ሲያርፍ ነው የሚሰማው። በሰፈሩ «አምሐ ካልቾ» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያ ዘመን ነው።

በአየር ጤና ፌርማታ የታክሲ ረዳቶች ከመካከላቸው ረጅሙን መርጠው ኮፍያ አድርገው ያቆሙላቸው ነበር። እሳቸው ከቆሙበት ዞር ብለው ኮፍያውን ብቻ በእግራቸው ያነሡታል።

«አምሐዬ፣ ኮፍያው የወንድሜ ነው። ጭንቅላቱ ግን የኔ ነው፣ አደራ» ይል ነበር ረጅሙ ረዳት።

«ዝም ብለህ ቁም፤ ካወራህ ጥርስህም አብሮ ይሄዳል» ይሉታል።

በዚህ ጨዋታ አንድም ሰው ተጎድቶ አያውቅም። እግራቸውን የፈለጉት ቦታ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። የሚያውቋቸው ሁሉ ከምቱ ይልቅ ይህንን ያደንቃሉ።

በ1989 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ውድድር ለፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው በዕድሜ የሚበልጧቸው የአስኮው ማስተር ያደሳ ደሜ ነበሩ። ወይዘሮ ጽጌማርያምም ነጠላቸውን ለብሰው ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠዋል። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል የማስተር ያደሳ የቅልጥም መከላከያ ተፈትቶ ወደቀ። ዳኛው ገና አላስቆመም ነበር። ማስተር አምሐ ግን ጎንበስ ብለው አነሡትና በሁለት እጃቸው ሊሰጧቸው ቀና አሉ። የማስተር ያደሳ እግር አስቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር ጆሯቸው ሥር አገኛቸው። ወደቁ። ዋንጫውም፣ ከዋንጫው ጋር የነበረው የውጭ አገር ጉዞም ቀረ።

ማስተር ያደሳ በሳምንቱ ጎማ ቤቱ ድረስ መጡ። «አንተ፣ በፍልሚያ መሃል ዕቃ የሚያነሣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሏቸው።

«ታላቅ ሰው ዕቃ ሲወድቅበት ቆሜ ልይ? እናቴ እኮ ተቀምጣለች፣ ጋሼ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም። ማስተር አምሐ በ1990፣ በ1991 እና በ1993 ዓ.ም. የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነዋል። ስላሸነፉባቸው ውድድሮች ሲጠየቁ ግን ብዙ አያወሩም ነበር። ልጆች ሲሰበሰቡ የሚያወሩት የተሸነፉበትን ነው።

በጥር ወር 1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለም ኃይለመስቀል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በዚያው ዓመት አየር ጤና የራሳቸውን ማሠልጠኛ ከፈቱ። ብዙ የሰፈሩ ልጆች በእጃቸው አልፈዋል፤ መክፈል ያልቻለ ልጅ አዳራሹን ጠርጎ ይሠለጥን ነበር። ከጦር ኃይሎች እስከ አስኮ ስማቸውን ከግራ እግራቸው ለይቶ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸው ሰው ስለ ቤተሰብ ከመጠየቁ በፊት «እግርህ እንዴት ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ይሉታል።

በ2009 ዓ.ም. የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ሥራቸውን ቀጠሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን እግራቸው መደንዘዝ ጀመረ። በዚህ ዓመት በመጋቢት ወር በባዶ እግራቸው ሲያሠለጥኑ ልጃቸው ዮርዲ ምንጣፉ ላይ ደም አየች። «አባዬ፣ ደም አለ» አለቻቸው። ማስተር አምሐ «የማነው የደማው?» ብለው የተማሪዎቹን እግር ተራ በተራ ማየት ጀመሩ። ምንጣፉ ላይ የወደቀ ሽቦ ገብቶ የነበረው በእሳቸው ግራ እግር ነበር። አልተሰማቸውም።

ቁስሉ አልድን ብሎ በሚያዝያ ወር ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሙ ወይዘሮ ዓለምንና የማስተር አምሐን ታናሽ ወንድም አቶ ግሩምን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ እግሩ ከጉልበት በታች ቶሎ ካልተቆረጠ ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ነገራቸው። ለማስተር አምሐም ሐኪሙ ራሱ ሊነግራቸው ፈለገ። ቤተሰቡ ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ።

በዚያው ቀን የቤተሰቡ ታላላቆች ቤት ተሰብስበው መከሩ። «የሌላ ሰው እግር ቢሆን እሺ። ለአምሐ እግርህ ይቆረጥ ተብሎ በምን አፍ ይነገራል?» ተባለ። ይህንን ከሰሙ ከሕመሙ በፊት ድንጋጤው ይገድላቸዋል ብለው ሁሉም ተስማሙ። መጀመሪያ ትንሽ ይጠንክሩ ተባለ። ክፉ ነገር ለታመመ ሰው በድንገት አይነገርም፤ ያደጉበት ወግ ነው፣ ለፍቅር ብለው ያደረጉት ነው።

ስለዚህ ቁስሉ እየደረቀ ነው ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ ዓለም ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቧንቧ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ተማሪዎች እየመጡ የድሮውን ምት ያነሣሉ። ጠያቂው ሁሉ እንደ ልማዱ «እግርህ እንዴት ነው?» ይላል። ማስተር አምሐም እንደ ልማዳቸው ይመልሳሉ። ሳምንቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ትኩሳቱ ጨመረ።

ማስተር ያደሳ ከአስኮ መጡ። ወይዘሮ ዓለም ነገሩን በር ላይ ነግረው እንዳይናገሩ ለመኗቸው። ማስተር ያደሳ ገብተው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«አምሐ፣ እግርህ መቆረጥ አለበት። ከተነገረን ቆይቷል።»

ማስተር አምሐ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «እግሬ ነው?»

«አዎ» አሉ ወይዘሮ ዓለም።

«ለዚህ ነው ስታለቅሺ የከረምሽው? እኔ እኮ የምሞት መስሎኝ ጸሎቴን ጨርሼ ተኝቻለሁ።» ከዚያም ትንሽ ሳቁ። ለቤተሰቡ መቼ እንደተነገረ ጠየቁ። መልሱን ሳይጠብቁም «በሉ፣ ሐኪሙን ጥሩልኝ» አሉ።

የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ ራሳቸው ፈረሙ። ሊወስዷቸው ሲሉ የማስተር ያደሳን እጅ ይዘው «ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ አነሣሁልህ። አሁን ደግሞ አንተ አንሣልኝ» አሏቸው።

ማስተር ያደሳና አቶ ግሩም እግሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በአጥቢያው ቤተክርስቲያን ግቢ ቀበሩት። ተማሪዎቹ የልምምድ ልብሳቸውን ለብሰው ሊሸኙ መጥተው ነበር። ወይዘሮ ዓለም «ሰውዬው አልጋ ላይ ናቸው። ለእግር ድንኳን አይተከልም» ብለው ከበር መለሷቸው።

ቀዶ ሕክምናው በደህና ተጠናቀቀ። ነገር ግን የቁስሉ መርዝ ቀደም ብሎ ወደ ደማቸው ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሯቸው ጥቂት ቀናት ማስተር አምሐ አእምሯቸው ሙሉ ነበር። ማሠልጠኛው ሳይዘጋ ልጃቸው ኤልናታን እንዲይዘው ተናገሩ። ወይዘሮ ዓለምን አጠገባቸው አስቀምጠው እጃቸውን ይዘው ይተኙ ነበር። ስለ እግራቸው ያነሡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም «ያሳክከኛል፣ የሌለው» ብለው ነው።

ስለ ሕመማቸው ከላይ የተነበበው ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንዲነገር አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቃላቸው ይህ ነበር፦ «ማንንም አልወቅስም። እንደምትወዱኝ አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ ለታመመ ሰው የራሱን ነገር ለራሱ ንገሩት።» ወይዘሮ ዓለምም «ይነበብ» ብለዋል።

ማስተር አምሐ ተክለሃይማኖት ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እናታቸውን ወይዘሮ ጽጌማርያምን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለምን፣ ልጆቻቸውን ኤልናታንንና ዮርዲን፣ ወንድማቸውን አቶ ግሩምን፣ ወዳጃቸውን ማስተር ያደሳን እና በየቦታው ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

መቃብራቸው የተቆፈረው ማስተር ያደሳ በእጃቸው ባሳዩት ቦታ ነው። እግራቸው እዚያ ቀድሟቸዋል።

የሕያዋንና የሙታን ጌታ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። በሚጠራቸውም ቀን አንዳች ሳይጎድላቸው፣ በሁለት እግራቸው በቀኙ ያቁማቸው። አሜን።