ጠበቃዬን «ይበል!» አልኳቸው

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ባዩ፣

አባባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን በሩቁ ስሜያለሁ። ባስልኤል ደውሎ «አባባን ትንሽ ጉንፋን ይዟቸዋል» አለኝ። ታዲያ ለጉንፋን ወንድሜን ምን ያስለቅሰዋል?

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጠበቃዬ ሮጥኩ። የጥገኝነት ኬዜን የያዙልኝ ሚስተር ግዊልም ናቸው። መጀመሪያ ቀን «እንግሊዛዊ ነዎት?» ብላቸው፣ አቤት ቁጣቸው! ዌልስ የምትባል፣ የራሷ ቋንቋ ያላት አገር ሰው ናቸው። አርባ ዓመት እዚህ ሲሟገቱ ኖረው፣ ግጥም የሚጽፉት ግን እስከ ዛሬ በእናታቸው ቋንቋ ነው። ልጆቻቸው እዚሁ አቅራቢያ ኩፐርቲኖ የሚባል ከተማ ይኖራሉ፤ ቋንቋውን ይሰማሉ፣ የሚመልሱላቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ልክ እዚህ እንዳደጉት የኛ ሰዎች ልጆች።

«አባቴን አይቼ ልመለስ?» አልኳቸው።

«ኬዝሽ ሳያልቅ ከዚህ ከወጣሽ አለቀለት። ደግሞ ያሳደዱሽ ሰዎች እጅ ውስጥ በገዛ እግርሽ ልትገቢ ነው? አይሆንም!»

እልህ ያዘኝ። «ጠበቃ ድሮስ መቼ አንጀት አለው!» ብዬ በአማርኛ አጉረመረምኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰውየው ተነስተው በእናታቸው ቋንቋ ግጥም በቃላቸው ይሉ ጀመር። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን አባባ፣ ቤት መምታቱ፣ ድምፁ ዞሮ መምጣቱ! እርስዎ ሲቀኙ በር ላይ ቆሜ የሰማሁት መሰለኝና ሳላስበው «ይበል!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ማለት ነው?»

«ይድገሙት ማለት ነው።»

ደገሙት። መሃል ላይ ግን አቁመው ተቀመጡ።

ግጥሙ ለእናታቸው ነው። እናታቸው አገር ቤት ሲያጣጥሩ እሳቸው ሳን ሆዜ ፍርድ ቤት ነበሩ። ቀጠሮው ይቀየርልኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። «ኬዙን አሸነፍኩ» አሉኝ፤ «የደንበኛዬን ስም ግን ዛሬ አላስታውሰውም።»

«ታዲያ ልሂድ?»

«አትሄጂም። እኔ መሄድ እችል ነበር፤ አንቺን ግን ያስሩሻል። የእናቴ ቤት ስልክ አልነበረውም፤ ያባትሽ አለው። ደውዪ።»

ስለዚህ አባባ፣ ይህን ደብዳቤ ነገ በሚበር ሰው ልኬልዎ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ባስልኤል ስልኩን ጆሮዎ ላይ ይያዝልዎ። ጉልበት ካነሰዎ አንዲት ጉባኤ ቃና ትበቃኛለች፣ ሁለት ቤት ብቻ። እኔ «ይበል!» እላለሁ፣ እርስዎ ይደግሙልኛል። ደግሜ «ይበል!» እላለሁ። ሳልጠግብ እንዳይጨርሱብኝ፣ አባባዬ።

ልጅ አባቱን አይመርቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ከዕድሜዬ ቀንሶ ይጨምርልዎ ብያለሁ።

በር ላይ ያለችው ልጅዎ፣
ዕፀገነት