በሸቡ ውስጥ የተገኘው ጨው

ለተከበርሽው እኅቴ፣ ለእትዬ ሙሉእመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? አባባስ የዓይን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይጨምራሉ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። በስልክ ድምፄን ከፍ እንዳላደርግብሽ ብዬ መጻፍን መረጥሁ።

ከአዲስ አበባ ወደዚህ በመጣው ወዳጄ በረድዋን እጅ የላክሽልኝን ነጭ የሸብ ዱቄት ታስታውሻለሽ። ናካዋ ሰፈር ለማስተምራቸው ልጆች አንድ ጥርት ያለ፣ ባለ ስምንት ገጽ ክሪስታል ላበቅልበት ነበር። በሙቅ ውሃ አሟሟሁት፣ አጠለልሁት፣ አንዲት ቅንጣት በክር አስሬ ጠርሙሱ ውስጥ አንጠለጠልሁ። በሳምንቱ ያገኘሁት የደፈረሰ ጥርቅም ነው። አንድ በአንድ እየለወጥሁ መረመርሁ፤ መጀመሪያ ውሃውን ትቼ ከኪሰንዪ ገበያ የተጣራ የባትሪ ውሃ ገዛሁ፣ ቀጥሎ ክሩን፣ ቀጥሎ ጠርሙሱ የሚቀመጥበትን ቦታ። በአራተኛው ሙከራ በማጉያ መነጽር ባለ ስድስት ገጽ ትንንሽ ቅንጣቶች አየሁ። የምግብ ጨው ነው።

ያንቺን ከረጢት አልጠረጠርሁም፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄሽ ሦስቱንም ጊዜ «ንጹሕ ነው» ብለሽኛል። ስለዚህ ማእድ ቤት የምትጋራኝን የጅማዋን ሲቲናን ከሰስኋት፤ ለፖሾው፣ ለበቆሎ ገንፎው፣ ማባያ ቦሎቄ ስትሠሪ ጨው በትነሽብኛል አልኋት። እርሷም «እኔ ጨው የምጨምረው ለሰው ምግብ ነው፣ መምህሩ፤ ጠርሙስህ ሲርበው ንገረኝ» ብላ በማግስቱ ምድጃዋን ደጅ አወጣች። በዚህ ዝናብ ጃንጥላ ይዛ ታበስላለች። ወባ ጥሎኝ ሳለ ሾርባ እየሠራች ያስታመመችኝ እርሷ ናት።

ትናንት ረድዋንን አግኝቼ ነገሩን ባጫውተው ሳቀ። «እኅትህ እኮ ራሷ ናት ጨው የደባለቀችበት፤ ነጭ ዱቄት ኤርፖርት ላይ ያስይዝሃል፣ ከጠየቁህ ጨው ነው በል፣ ቢቀምሱትም ጨው ጨው ይላል፣ ለወንድሜ ግን እንዳትነግረው፣ ይጨነቃል ብላኛለች» አለኝ።

እትዬ፣ ለረድዋን ማሰብሽን አልነቅፍም፤ መደበቅሽን ግን አልቀበልም። የእማዬን መርዶ አራት ወር የደበቃችሁኝም «እንዳይጨነቅ» ብላችሁ ነበር። ያን ጊዜ የተጎዳሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ግን ያላጠፋ ሰው ተቀጥቶበታል። ውሃውን፣ ክሩን፣ ጎረቤቴን ሁሉ መርምሬ ያንቺን ቃል ብቻ ሳልመረምር መቀበሌ ያንገበግበኛል።

ሲቲናን ይቅርታ ብጠይቃት «ማን ያውቃል፣ ይህም ግምትህ ይሆናል» አለችኝ። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ደውዬ ስልኩን ለእርሷ እሰጣታለሁ። ያደረግሽውን ሳትቀንሺ በራስሽ አንደበት ንገሪያት።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለጋሼ ሙሉነህ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ኤዶምንና ታናሿን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሲቲና እንደ ወትሮዋ «ሰላም በልልኝ» አላለችኝም።

ወንድምሽ ወልደየስ
ቡኮቶ፣ ካምፓላ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.