ሕፃኑ ስላልተቆጠረበት የሁለት ቀን ሽርሽራችን

ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ላለው ባለ ሰባት ፎቅ ሆቴል ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ለሆነው ሁሉ ጥፋተኛ የማደርገው እርስዎን ነው፤ በሩን የሚጠብቁትን ሽማግሌ አይደለም፣ እንግዳ ተቀባይዋንም አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት፣ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው እንደመሆንዎ ደብዳቤውን ለመጨረስ ጊዜ ባያገኙ እንኳ ዋናው ቃል እንዳያመልጥዎ በማሰብ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ እንዲሁም በቀን ሦስት ጊዜ ለሚወለወለው የእብነ በረድ ወለልዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። ልጆች እንዳሉዎት የማውቀው ፎቶግራፋቸው ከጠረጴዛው በስተጀርባ ተሰቅሎ ስላየሁ ነው፤ ሁለቱም በጣም ንጹሕ ናቸው።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ የሕፃን ጋሪና አምስት ቦርሳ ይዘው ከመጡት ሁለት ሴቶች አሮጊቷ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ በጽሑፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ፣ እንደለመዱት በሰው ፊት ጮክ ብለው እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ወደ ሆቴልዎ የመጣነው ለቅንጦት እንዳይመስልዎ። ልጄ ፀጉር ሠሪ ናት። ወሬ የማያልቅባት፣ ደንበኛዋ ተሠርታ ጨርሳ በር ላይ ከቆመች በኋላ እንኳ ጨዋታዋን ሳትቋጭ የማትለቃት ሴት ነበረች። ድንቡሼ የምንለውን ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን ዝም አለች። ስምንት ወር ሙሉ ታጠባለች፣ ታጥባለች፣ ትቀመጣለች። የሰውን ፀጉር ስታሳምር የኖረች ልጅ የራሷን ማበጠር ተወች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነውና በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም ዝምታዋን ድካም ይለዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ለብቻዬ ጠርታ፣ “እናቴ፣ ይቺ ልጅ ሐዘን ገብቶባታል። መድኃኒቱን ትውሰድ፤ ግን ደግሞ ከዚያ ቤት አውጧት፣ ለሁለት ቀንም ቢሆን ሌላ ነገር ትይ” አለችኝ። እንግዲህ የመጣነው በነርስ ትእዛዝ ነው። አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ በራሪ ወረቀትዎ እጅግ ያምራል። የልጄ ባል ከከተማ ሲመለስ ይዞት የመጣው ነው። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እስከ አገጯ በአረፋ ተሸፍና ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከሥሩም “ከነልጆችዎ ይምጡ፤ ድካሙን ለእኛ ይተዉት” የሚል ተጽፏል። ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ጣቷን ገንዳው ላይ አድርጋ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ “አንድ ሰዓት ብቻ በሩን ዘግቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ እዚህ ውስጥ ብቀመጥ” አለች። በስምንት ወር ውስጥ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ወረቀትዎ ባያምር ኖሮ ምንም ባልተመኘች፣ ምንም ባልቀረባትም ነበርና ሥዕሉን የሳለልዎትን ሰው ያመስግኑልኝ።

ሁለተኛ፦ ድካሙን ለእናንተ እንድንተው መክራችሁን ሳለ፣ እኔ ባለማወቅ ሰባት ሳምንት ደክሜአለሁ። ከሕፃን ጋር ሁለት ቀን ከተማ ለመቆየት ምን ያህል መሰናዶ እንደሚያስፈልግ ከዚያ ከሚሽከረከረው ወንበርዎ ላይ ሆኖ ስለማይታይ፣ ባጭሩ ልግለጽልዎ። በደብተሬ ላይ ድንቡሼ እንቅልፍ የሚወስደው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ለአሥር ቀን መዘገብኩ፤ የአውቶቡሱንም ሰዓት በዚያው ልክ መረጥኩ። እመት ለምን የምንላት የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ (ከአፏ ሌላ ጥያቄ አይወጣም) መኪና ላይ ስለምታስመልስ በመስኮት በኩል እንድትቀመጥ፣ ሁለት ላስቲክ እኔ፣ ሁለት እናቷ እንድንይዝ ተወሰነ። ዳይፐር ለሁለት ቀን የሚበቃ፣ በላዩም ሆድ ቢበላሽ ብዬ የአንድ ቀን ጨመርኩ። ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ጋሪውን ከነቦርሳዎቹ ጭኜ፣ ልጆቹን አሰልፌ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ የጎረቤቶቼ መሳቂያ ሆኜ፣ አንዷም ከበሯ ላይ ሆና “ምነው እትዬ፣ ወታደር ማሠልጠን ጀመሩ እንዴ?” ብላኛለች። ልጄ በገንዳው ውስጥ በምትሆንበት አንድ ሰዓት እኔ ሁለቱን ልጆች ይዤ በሊፍት ስወጣና ስወርድ ልቆይ፣ ሊፍቱ ከሰለቻቸው አጠገቡ ወዳለ መናፈሻ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። እመት ለምን ሊፍት አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ጥያቄ እንደማይጠፋት እርግጠኛ ነበርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ፀጉሯን አበጠረች። የጆሮ ጌጥ አደረገች። በር ላይ ቆማም “ያምርብኛል?” አለችኝ። ይህ ከቅሬታዎቼ ውስጥ አይደለም፤ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ የሚሽከረከረው የመስታወት በርዎ ጋሪ አያስገባም። ከነልጆቻችን ስትጠሩን በየት በኩል እንደምንገባ ባታስቡበትም፣ በረኛው ሽማግሌ ጋሪውን በራሳቸው እጅ አጥፈው፣ ሕፃኑን አቅፈው በጎን በር አስገብተውናል። ይህን በማድረጋቸው ደንብ ጥሰው ከሆነ፣ ይቀጧቸው ዘንድ ስማቸውን አላውቅም።

አራተኛ፦ ቅጽዎ። ከወረቀቱ ጋር የተያያዘው ቅጽ በዕድሜዬ በገዛ እጄ የሞላሁት የመጀመሪያው ቅጽ ነበር፤ ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ነበር የማሳርፈው። ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጅቼበታለሁ። “የእንግዶች ብዛት” ከሚለው ስደርስ ግን ብዙም ሳላስብ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ እኔ፣ ልጄና እመት ለምን። እንዴት ሦስት እንደሆንን ላስረዳዎ። በማጠቢያ ክፍላችን አንሶላ የሚቆጠረው በአልጋ ነው። ከማዋለጃ ክፍል በሚመጣው ዝርዝር ላይ እናት ከነልጇ አንድ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ አንሶላ። ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ተለይቶ የሚቆጠርበትን አቆጣጠር አላውቅም። የአውቶቡሱ ረዳትም ድንቡሼን በእናቱ ጭን ላይ አይቶ አልፎታል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስቆጥር አንድም አንሶላ ጎድሎብኝ አያውቅም።

ሆቴልዎም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ልኮ፣ የሦስት ሰው ክፍል እንደተያዘልንና በደስታ እንደምንጠበቅ አበሠረን። ስንደርስ እንግዳ ተቀባይዋ አራት መሆናችንን አይታ ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ግድ የለም እናቴ፣ ትንሽዬ አልጋ አስገባላችኋለሁ” አለችና ቁልፉን ከመስቀያው አወረደች። ቁልፉን እኔም ልጄም አይተነዋል። እርስዎ ከሊፍቱ የወጡት ይሄኔ ነው።

አምስተኛ፦ ንግግርዎ። ቁልፉን ከእጇ ተቀብለው መልሰው ሰቀሉት። ለሦስት የተባለ ክፍል ለሦስት ብቻ መሆኑን፣ ሌሎቹም ክፍሎች በስብሰባተኞች መያዛቸውን ነገሩን። እስከዚህ ድረስ ሥራዎ ነውና አልቀየምም። ቀጥለው ግን ቅጹን ከፍ አድርገው ይዘው፣ “ይህን የሞላው ማን ነው?” አሉ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሻንጣቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ግን ዞረው አዩን። ማንበብና መጻፍ ቻልኩ ብዬ ለመንደሩ ሁሉ ያወራሁ ሴት፣ መጀመሪያ የሞላሁት ቅጽ በአደባባይ ተሰቅሎ ሲነበብብኝ፣ የድንቡሼን ካልሲ የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ። ልጄ ቁልቁል አየችኝና፣ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዙራ፣ “እኔ ነኝ” አለች።

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ “እናት የወለደችውን ከሰው ካልቆጠረች እኛ ምን እናድርጋት?” አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሻንጣው ላይ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ነው። እመት ለምንም ሳቁ ጥሟት አብራ ስትስቅ ቆየችና፣ “እማዬ፣ ለምንድን ነው የሚስቁት?” ብላ እናቷን ጠየቀቻት። ያን ለታ መልስ ያላገኘችበት ጥያቄ እርሱ ብቻ ነው። ልጄ እዚያው እንደቆመች የጆሮ ጌጧን አውልቃ በጋሪው ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ማረፊያ እንፈልግ ብዬ ብለምናትም፣ “ወደ ቤት” ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለስን።

ስድስተኛ፦ የጠረጴዛ ልብሶችዎ እርጥበታቸው ሳይወጣ ነው የሚታጠፉት፤ ጠረናቸው ይናገራል። ካውያው ላይ ትንሽ ይታገሱ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ካሳ ለመጠየቅ አይደለም። ያን ቀን በእርስዎ ፊት ያልተናገርኩትን ለመናገር ነው፤ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሕፃኑን ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ቅጹን አላየችውም። ለእሷም በተመለስን በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰውዬው አንቺን አላወቀሽም፣ ይቅር በይኝ አልኳት። የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ “ተይው እማ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው። እኔም ቆጥሬው አላውቅም” አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደም ሳጥብ እንደዚያ ቀን አንጀቴ ተቆርጦ አያውቅም። ስምንት ወር ሙሉ በሆዷ ይዛ ያላወጣችውን ነገር፣ እርስዎ ከሊፍት ወርደው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቃል ሰጡት። ነርሷ በስንት ጉብኝት ያልቻለችውን ነው፤ ችሎታዎን አደንቃለሁ።

አሁን ልጄ ትቆጥራለች። በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆቹ ዓይኗ ሥር እየተጫወቱ፣ ጣቷን እያነሣች “አንድ፣ ሁለት” ትላለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጀምራለች። ድንቡሼን ወደ ደጅ ይዤው ከወጣሁ “አንድ” ላይ ትቆምና እስክመለስ ድረስ እዚያው ናት። ነርሷ መድኃኒቱን ቀይራላታለች፤ ሁለተኛ ግን ስለ ሽርሽር አላነሣችብኝም። የልጄ ባልም ዝምታዋን አሁን ድካም አይለውም፤ ምን እንደሚለው ግን አላወቀም።

ስለ መልካም አቀባበልዎ፣ ስለ ጥንቃቄዎ፣ ሰው አላግባብ አልጋ ላይ እንዳይተኛ ስለሚያደርጉት የማያሰልስ ቁጥጥር ከነቤተሰቤ አመሰግናለሁ። ሰባቱም ፎቅዎ የተሞላ፣ ቁልፍዎ ሁሉ በየመስቀያው የተደረደረ እንዲሆንልዎ፣ የወለደ ሁሉ ቆጥሮ እንዲመጣልዎ እመኛለሁ።

በእንግዳ መቀበያዎ ውስጥ አቀርቅራ የቆመችው፣
ትእዛዝዎን አክባሪ፣
የቀድሞ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ

ይድረስ ብዬ ካሸግሁ በኋላ የጨመርኩት፦ ትናንት የልጄ ባል ሆቴልዎ በዚህ ወር የሚያድለውን አዲሱን በራሪ ወረቀት አምጥቶልኛል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከእንግዳ ቁጥር እንደማይገቡ በትልልቅ ፊደል ታትሟል፤ ሳልቸገር አነበብኩት። እኛን በመሰለ ሰው ላይ ሞክራችሁ ደንባችሁን ስላሻሻላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። የልጄ ባል “እንግዲያው አሁን ሂዱ፤ አንቺ ብትለምኛት እሺ ትላለች” ይለኛል። እሺ ትላለች፤ ለእኔ ስትል እንደገና ትነሣለች፣ እንደገናም ትለብሳለች። ልጄን ከቤት እንድትወጣ ከእንግዲህ አልለምናትም።