ኮርኒስ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ለቀቀህ? አሁንም የራዲዮ ዕቃ ያለ መነጽር ካልበየድኩ እያልክ እማዬን ታስጨንቃታለህ? እሷስ ደህና ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እሺ አላት? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም፤ እሱንም ሥራው ያስረሳኛል።

በስልክ ስናወራ መስመሩ እየተቆራረጠ «በአጭሩ ተናገሪ» ትለኛለህ። የዛሬው ወሬዬ ግን በአጭሩ የሚነገር አይደለም፤ ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት። ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት። የሽቦው ነገር ከበዛባት ዝለልላት፤ አንተ ግን አንድም ቃል እንዳትዘል።

እንደምታውቀው የቤት ማንቂያ ደወል የሚገጥም ድርጅት ውስጥ ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ፤ የሙከራ ጊዜዬም ገና አላለቀም። ባለፈው ወር አለቃዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሥራ ላከኝ። የቤቱ ጌታ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ እሳቸው ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ሌባ በስፌት ክፍላቸው መስኮት ገብቶ የስፌት መኪናቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ቤቱ የድሮ ደወል አለው፤ ግን የስፌት ክፍሉ ከዋናው ቤት ኋላ ዘግይቶ የተቀጠለ ስለሆነ ሽቦው እዚያ አይደርስም። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ታዲያ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ወይ የኋላው ክፍል ይጠበቃል፣ ወይ ቤቱ ተዘግቶ እሷ ዘንድ ይገባሉ። አለቃዬ ደግሞ «አሮጌውን ጠራርገሽ ንቀዪ፣ አዲሱን ግጠሚ፣ ከምሳ በፊት ተመለሺ» አለኝ።

ስደርስ ሽማግሌው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን የብረት ሳጥን በጀርባቸው ከልለው ቆመዋል። «ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ንኪ፣ ይህን ግን አትንኪብኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሳላየው እንዴት አድርጌ ልተወው? ለማየት ብቻ ልክፈተው» ብዬ ለመንኳቸው። ጥቂት አሰቡና ገለል አሉልኝ።

አባዬ፣ አንተ ብታየው ወንበር ስበህ ቁጭ ትል ነበር። አንድ ሽቦ ከሌላው አልተዘባረቀም። ሁሉም በሰም በተቀባ የስፌት ክር፣ በየስንዝሩ፣ እኩል እኩል ታስረዋል። በእያንዳንዱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጨርቅ አለች፤ ጨርቋ ላይ «ሳሎን»፣ «ጓዳ»፣ «የፊት በር» ተብሎ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ናስትሮ የሚባል ነገር አንድም ቦታ የለም። ማን እንደሠራው ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። «ባለቤቴ ናት። ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። የደወሉን መመሪያ መጽሐፍ አንብባ፣ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የኔ ድርሻ ጨርቋን መስፋት ብቻ ነበር። ጎረቤት ሲስቅብን እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ ቤት ትሰፋለች እላቸው ነበር» አሉኝ።

ቴስተሬን አውጥቼ አሥራ አንዱንም መስመር አንድ በአንድ ለካሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ውስጥ የኖረ ሽቦ ነው፤ አንዱም አልዋሸኝም። የደከመው መጠባበቂያ ባትሪው ብቻ ነበር። ይህን ነቅሎ መጣል እጄ እንቢ አለኝ። ለአለቃዬ ደወልኩና የድሮው ጤነኛ መሆኑን፣ የጎደለው የኋላ ክፍሉ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም ሽቦ አልባ ሴንሰር ጨምሬ ከድሮው ጋር ላገናኘው እንደምችል ነገርኩት። «አሮጌ ላይ አዲስ መለጠፍ ሥራ አይደለም» አለኝ። እስከ ማታ እንዲታገሰኝ፣ ካልሆነልኝ በማግስቱ ራሴ እንደምነቅለው ነገርኩት። «በራስሽ ኃላፊነት!» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። 

ነገሩ ያንተው ራዲዮ ነው፣ አባዬ። ሴንሰሩ የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፣ ፊት ለፊቱ ማግኔት ይቀመጣል፣ የራሱ ባትሪ አለው። መስኮቱ ተከፍቶ ከማግኔቱ ሲለይ በአየር መልእክት ይልካል። ተቀባይ የሚባለው ሌላ ዕቃ ደግሞ መልእክቱን ይሰማና በአራት ቀጫጭን ሽቦዎች ሳጥኑ ውስጥ ላለው ለድሮው ቦርድ ይነግረዋል። ቦርዱ ምንም አያውቅም፤ ቤቱ አንድ ክፍል የተጨመረለት ይመስለዋል።

ተቀባዩን ሳጥኑ አጠገብ ገጥሜ፣ ሴንሰሮቹን በሁለቱ መስኮቶችና በኋላው በር ላይ ለጥፌ ሞከርኩ። ዝም! በመሀል ያለው ግድግዳ ወፍራም ነው፣ የስፌት ክፍሉ በብረት መደርደሪያ የተሞላ ነው፣ ሳጥኑም ራሱ ብረት ነው። ተቀባዩን በእጄ ይዤ ወዲህ ወዲያ ስል ኮሪደሩ መሀል፣ ኮርኒሱ አጠገብ ጥርት አድርጎ ሰማ። ግን እዚያ ድረስ አራት ሽቦ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ግድግዳውን ካልሰነጠቅኩ በቀር።

ይሄኔ ነርሷ ከሥራ ወጥታ ደረሰች። መሰላሉን፣ የተበተነውን ዕቃ፣ የኔንም ፊት አየችና ሁሉም ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ በቃ ልብስህን እናዘጋጅ። እኔ በሽተኛ እያገላበጥኩ ሐሳቤ እዚህ ነው፤ እንዲህ ሆኜ መሥራት አልቻልኩም» አለቻቸው። ሽማግሌው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉት ጀመር። እኔ ማንንም ማየት ስላፈርኩ ፊቴን ወደ ሳጥኑ አዞርኩ።

ያኔ ነው ከሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ከምንም ጋር ያልተገናኘ አንድ መስመር ያየሁት። አራት ሽቦ ነው፤ ጫፉ በጥንቃቄ ታጥፏል። ጨርቁ ላይ «ለኋላ» ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ጠጋ ብለው አዩና «እ! ይህንንማ ስፋልኝ አለችኝ። ለኋላ ማለት ምን ማለት ነው ብላት፣ ለኋላ ነዋ፣ ብላኝ ሄደች። ያኔ የኋላው ክፍል ገና አልተሠራም» አሉኝ። ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቁም።

ነርሷ መሰላሉን ያዘችልኝ፤ የኮርኒሱን መክፈቻ ገፋሁና በባትሪ አበራሁ። ሽቦው በሳጥኑ በኩል መጥቶ፣ ልክ ኮሪደሩ መሀል፣ ሦስት ሜትር ያህሉ እንደ ክር ጥቅል ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያችን ሴት አይቻት አላውቅም፤ ግን እዚያ አቧራ ውስጥ ሆኜ ከልቤ እጅ ነሳኋት። አሥራ አንዱን መስመር የሚዘረጋ ሰው ብዙ ነው። ማን እንደሚመጣ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳያውቅ ለሚመጣው ሰው ሽቦ የሚተው ግን ስንት አለ?

ለካሁት፤ አራቱም ደህና። ተቀባዩን እዚያው ሰቀልኩ፣ ሴንሰሮቹን ከቦርዱ ጋር አስተዋወቅኩ፣ አዲስ መጠባበቂያ ባትሪም አስገባሁ። ነርሷ የስፌት ክፍሉን መስኮት ስትከፍት ፊት ለፊት በር አጠገብ ያለው የድሮው ደወል የቁጥር መጫኛ «ቲን!» አለ። ዘጋችው፣ ከፈተችው፤ «ቲን!» ደግማ ደግማ ሞከረችው። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ፈረሰች፤ ኮረዳ ሳለች ሾልካ ስትወጣ እናቷ የምትይዛት በዚሁ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ብቻ ልብስ የማሰናዳቱ ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።

በማግስቱ አለቃዬ ሊፈትሽ መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ የተሰፉትን ጨርቆች አንድ በአንድ አነበበ። «ይህችን ሰው ባገኛት ዛሬውኑ እቀጥራት ነበር» አለ። «እሷ ግን አንተ ዘንድ አትቀጠርም ነበር» አሉት ሽማግሌው፤ ሁላችንም ሳቅን። የሙከራ ጊዜዬን ነገር አላነሳብኝም። ግን ከዚያ ወዲህ አሮጌ ቤት በመጣ ቁጥር የሚልከው እኔን ነው፤ «መጀመሪያ ለኪ፣ ከዚያ ንገሪኝ» ይለኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው፤ ይስቁ፣ ያለቅሱ መለየት አቃተኝ። ሌባው ተመልሶ የስፌት ክፍሉን መስኮት ፈልቅቆ ነበር። አንድ እግሩን እንኳ ሳያስገባ ሳይረኑ ቤቱን አናወጠው፤ ሰውየው አንድ ጫማውን አጥሩ ላይ ጥሎ ፈረጠጠ። እሳቸውም ከአልጋቸው ተፈናጥረው፣ አዲሷን መኪናቸውን በቦታዋ አግኝተዋታል። ተጎድተው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ ልጄ። ያንቺዋ ትንሿ ዕቃ ቀስ ብላ ለባለቤቴ ነገረቻት፤ እሷ ደግሞ ጮኸችልኝ» አሉኝ።

አባዬ፣ እማዬን ሁለቱን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለታላቅ እህቴ፣ ለባሏና ለመንታዎቹ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ደብዳቤዋን አገላብጬ አንብቤዋለሁ በላት። አክስቴን ስለ ሹራቡ አመስግንልኝ፤ ልክ ሆኖኛል። ጎረቤታችን አናጢውንም ሰላም በልልኝ። ወንድሜን፣ እዚያ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚናፍቀኝ የሱ ኩርፊያ ነው በለው። አንተ ደግሞ እባክህ መነጽርህን አድርግ።

የምትወድህ ልጅህ

ከማድርበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ሆኜ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን