የማግስት ሳቅ

አዳራሹ አይዘጋም። ፍራሽ ነጋዴውም ፍራሹን ተሸክሞ ሌላ ቤት ይፈልግ። የምሥራቹ ይኸው ነው። ሌላም አለ፤ እኔ እህትህ፣ በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ውፍረቴ፣ መድረክ ላይ ልወጣ ነው።

ሰላምታውን ዘልዬ የገባሁት ደስታው አላስቆም ብሎኝ ነው እንጂ ማን እንዳሳደገኝ ጠፍቶኝ አይደለም። እንግዲህ ልመለስበት። ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ይህ ደብዳቤ የት እንደሚያገኝህ ባላውቅም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ያ ጉንፋን ጉሮሮህን ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ሕፃኗስ? እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዓይኑም ደከም ብሏል፤ አፉ ግን እንደ ድሮው ነው። እኔም ፀጉር ቤቴን ይዤ አለሁ። ከቀለሙ ብዛት ጣቶቼ የመካኒክ ጣት መስለዋል።

ሰላምታው አለቀ። አሁን ልቆጣህ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጽሔት ላይ ያወጣኸውን ጽሑፍ ያየሁት አንዲት ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጣ ስታገላብጥ ነው። ይኼ ምላጭ አይደለም እንዴ አለችኝ ፎቶህን እያሳየች። ሰፈሩ አሁንም ምላጭ ነው የሚልህ። እኔማ በኩራት ከእጇ ነጥቄ ለሴቶቹ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቀልደኛው ወንድሜ በዓለም ታላላቅ ከተሞች እየዞረ፣ ለመድረክ ቀልድ የቱ ከተማ እንደሚበልጥ ደረጃ አወጣ እያልኩ። ስወርድ፣ ስወርድ፣ መጨረሻ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እኛን። እዚህ ከተማ መድረክ ላይ መቆም ከተዘጋ ሱቅ ፊት ቆሞ እንደ መከራከር ነው ብለሃል። የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን ከእጄ አምልጦ እስከ በሩ ተንከባለለ።

እስቲ ዳኝነትህን እንየው። የከተሞቹን ስም አልጠራልህም፤ ቁጥራቸው ይበቃቸዋል። አንደኛ ያወጣሃት ሰዎቿ ቀልዱ ሳያልቅ ስለሚስቁ ነው። ራስህ እንደጻፍከው ደግሞ ጠጥተው ነው የሚገቡት። የሰከረ ሰው እኮ ወንበር ሲወድቅም ይስቃል። በሁለተኛዋ ታዳሚው ከታች ሆኖ ቀልደኛውን ይሰድባል፣ ቀልደኛውም መልሶ ይሰድበዋል፤ ሕይወት ያለው አዳራሽ ብለህ አሞገስከው። ሰው ሲናገር አፉን የሚቀማ ምን እንደሚባል እኛ ቤት ሳትሰማ ነው ያደግከው? በሦስተኛዋ ቀልደኞቹ ዝናብ ላይ ቆመው ወረቀት እያደሉ፣ አላፊ አግዳሚውን እየለመኑ፣ ምድር ቤት ወርደው ለአንድ እፍኝ ሰው ይቀልዳሉ። ይኼንን ፍቅር አልከው። የእኛ አዳራሽ ግማሹ ሲሞላ ግን ባዶ ነው። የአራተኛዋ ሳቅ ጠረጴዛ ያንቀጠቅጣል አልክ። እኛ ጠረጴዛ የለንም፤ ታዲያ ምን እናንቀጥቅጥልህ፣ ጉልበታችንን?

ፀጉር ተጠቅልሎ፣ ገና እርጥብ ሆኖ፣ አልተዋጣልሽም የምትለኝ ደንበኛ አለች። ቆይ ይድረቅ እላታለሁ። አንተንም እንደዚያው ልልህ ነው የምፈልገው። እርጥቡን አይተህ ፈርደህ ሄድክ።

ለእኔ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር። ግን መጽሔቱ የአዳራሹ ባለቤት እጅ ገባ። ጋሽ ፍሬንን አትረሳውም፤ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው፣ ነገር ሲጠይቁት ከመመለሱ በፊት ረጅም ፍሬን የሚይዘው። ገጹን ቀዶ በሩ ላይ ለጠፈው። ሐሙስ ሐሙስ የሚቀልዱትን ወጣቶች ሰብስቦ፣ ዓለምን የዞረው የራሳችን ልጅ ከመሰከረ እኔ ማነኝ፣ አዳራሹን ለፍራሽ መጋዘን ሰጥቻለሁ አላቸው። የራሳችን ልጅ። አንጀቴን ያሳረረው ይኼ ነው። ባዳ ቢጽፈው ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ቀለም የነካ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ሄድኩለት። ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ ሰዉ እንደወጣ ቆልፈው ይሄዳሉ፣ ሳቁ እኮ ገና አልመጣም አልኩት። ፍሬኑን ያዘና፣ የት ሄዶ ነው አለኝ። ዓርብ ጠዋት እኔ ጋ ይምጡና ያገኙታል አልኩት።

መጣ። በዚያ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ከሳል በቀር ድምፅ አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ግን የዳቦ ቤቷ ባለቤት ገና ሳትቀመጥ የማታውን ቀልድ ጀመረች፣ መጨረስም አቃታት። ነርሷ ካስኩን ከራሷ ላይ ገፍታ ቀጠለችላት። ጫማ ጠጋኙ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ ኧረ እንደሱ አይደለም ያለው፣ አታበላሹበት ብሎ አረማቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይስማ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጋሽ ፍሬን መሀላቸው ተቀምጦ፣ ታዲያ ማታ ለምን አልሳቃችሁም ቢላቸው፣ ነርሷ፣ እየሳቅን ቀጥሎ የሚለው ቢያመልጠንስ አለችው። ባለ ዳቦ ቤቷ ደግሞ፣ ልጁ እየለፋ በላዩ ላይ መንጫጫት ነውር አይደለም ወይ አለች። ጋሽ ፍሬን ፍሬኑን ያዘ፣ ያዘ፣ ከዚያ በቃ ለቀቀው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ለካ እሱም ከማታ ጀምሮ አፍኖት ኖሯል።

ሲመለስ ገጹን ከበሩ ላይ ላጠው። አንድ ነገር ግን ጠየቀኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ቀልዱ ግን አንቺ ስትደግሚው ነው የሚጣፍጠው፣ አዳራሹ ታድሶ ሲከፈት አንቺ ትጀምሪያለሽ አለኝ። አንዴም እምቢ አላልኩም። ለምን እላለሁ?

አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው። እኛን መጨረሻ ያደረግከን የዚያች ምሽት ቂም ይዞህ ነው። ከመሄድህ በፊት መጨረሻ ላይ የቀለድካት፣ ስለ አባባ የሆነችው ቀልድ። ቁልፍ ሠሪው አባት፣ እኔ የሠራሁትን ቁልፍ የዓለም ሌባ ቢሰበሰብ አይከፍተውም ሲል ኖሮ፣ አንድ ቀን መክፈቻውን ውስጥ ረስቶ የገዛ በሩን ይዘጋዋል። ሲታገል ይውላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በመጨረሻ በላብ ተጠምቆ ወደ ሰዉ ዞር ይልና፣ "አላልኳችሁም?" ይላል። ጨረስክ። አዳራሹ ፀጥ። አባባ ፊት ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ያይሃል። አባቴን በሰው ፊት አዋረድኩት ብለህ በጓሮ በር ወጣህ፤ ቤት እንኳ ሳትገባ አገሩን ጥለህ ሄድክ።

እስከ ጠዋት ብትቆይ ምን ነበረበት? በማግስቱ አባባ ሱቁን ሳይከፍት ደጅ ቆሞ፣ ልጄ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሥራዬ መሰከረልኝ እያለ ላላፊው ሁሉ ቀልዷን ይነግር ነበር። "አላልኳችሁም" ጋ ሲደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይይዛል። እስከ ዛሬ ቁልፍ ለገዛው ሁሉ እሷን ነው የሚመርቀው። ይኼን በስልክ ልነግርህ ስንቴ ሞከርኩ። አባባን ሳነሳብህ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ትለኛለህ። ወረቀት ኔትወርክ አያስፈልገውም።

ሌላም ነገር አለ፣ አጭር ነው። ስለ አዳራሹ ስትጽፍ፣ የደከመ መብራትና አረንጓዴ መጋረጃ ብለሃል። አንተ ስትሄድ መጋረጃው ቀይ ነበር። አረንጓዴውን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ባለፈው ክረምት። መጥቶ በዓይኑ ያላየ ሰው አይጽፈውም። ጽሑፉን ለአባባ ሳነብለት እዚያች ጋ ስደርስ ዘለልኳት። ሐሙስ ሐሙስ እኮ አሁንም እዚያው ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ኋላ ለተቀመጠ ሰው ጀርባው ይታያል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ የማወራው የአባባን ቀልድ ነው። ታውቀኛለህ፣ ወሬ አስረዝማለሁ። የተሰበሰበውን ጎረቤት አንድ በአንድ፣ የለበሰውንም ጭምር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። "አላልኳችሁም" እስክል ሰዉ ያንቀላፋል። ቀልድህ እንዲህ ስትበላሽ ማየት የሚያንገበግብህ ከሆነ መጥተህ ራስህ ንገራት፤ እኔ ቦታውን እለቅልሃለሁ። የጓሮውን በር ግን አታስበው። አባባ አዲስ ቁልፍ ገጥሞለታል፤ የዓለም ሌባ ቢሰበሰብ አይከፍተውም ብሏል።

ፈጣሪ ጉሮሮህን ይማርልህ። ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ። ልጅህን አያቷ አቅፏት ለማየት ሁላችንንም ያብቃን።

ተቆጥታም የምትናፍቅህ
ታላቅ እህትህ

ይኸው ቀኑን ሳልነግርህ ላሽገው ነበር። መድረኩ የሚከፈተው በመጪው ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ ነው። ማንም ባይስቅልህ እንዳትደነግጥ። ድግሱ በማግስቱ ነው፤ አንተም፣ ባለቤትህም፣ ሕፃኗም፣ አንዳችሁም እንዳትቀሩ፤ ዓርብ ጠዋት፣ እኔ ፀጉር ቤት።