በእድር ጡሩምባ የተጠሩት ተመራጮች

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱ ሲወጣ የሚነሣብዎ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረዎት? እናታችን እንዴት ናት? ፀሐይ ላይ ስትወጣ ዓይኗ ሰው ይለይላታል ወይስ እንደ አምናው በድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው? የባለቤትዎ የጋሼ ሳል ተሻላቸው? ገብሱስ ውርጭ ሳይመታው ተሰበሰበ? የአንኮበር ነፋስ ከጣሪያችን ላይ ያነሣው ቆርቆሮ ተመልሶ ተመታ? ይህን ሁሉ የምጠይቅዎት ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ መልሱን እስክሰማ ድረስ ልቤ አያርፍም። እኔ ስለ እናንተ ከማሰብ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ በአካሌ ደኅና ነኝ። በአካሌ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

ከላይ ስምዎን አለመጻፌ ሳያስገርምዎት አልቀረም። ሌላ ጊዜ ስምዎን ከነአባታችን ስም አሳምሬ የምጽፈው እኔ፣ ዛሬ እትዬ ብቻ ብዬ ያለፍኩት ከንቀት ወይም ከችኮላ አይደለም። የምወዳቸውን ሰዎች ስም መጥራት ፈርቻለሁ። ስልክ ያልደወልኩልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድምፄን ራሱን ፈራሁት። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። ለእናታችን ሲያነቡላት ግን ስለ ተመራጮቹ የሚለውን ብቻ ያንብቡላት፤ ትሥቃለች። ስለ እኔ የሚለውን እባክዎን ይዝለሉት።

ወደ ቀጨሞ በር የመጣሁት ድንጋይ ለመጥረብ እንደነበር ያውቃሉ። ጣቴ ከተቀጠቀጠ ወዲህ የከተማው እድር ዳኛ አቶ ገብረጻድቅ አዝነውልኝ የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂና ለፋፊ አድርገው ቀጥረውኛል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን እጠብቃለሁ። ሰው ሲያርፍ ደግሞ ማለዳ ከዕቃ ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ጡሩምባ እነፋና የሟቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን እጠራለሁ። እኛ አገር ከገደል ወዲያ ማዶ ስንጣራ ያደግንበት ጉሮሮ እዚህ እንጀራ ሆነልኝ። ነገር ግን አስበውት ያውቃሉ? በዚህ ከተማ ጮክ ብዬ ስሙን የጠራሁት ሰው፣ ከአንድ በቀር፣ ሁሉም ዛሬ ከአፈር በታች ነው።

በቅርቡ የከተማችን ነዋሪ ለምክር ቤቱ ሰባት ሰዎች መረጠ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተመራጮቹ በገበያው ሜዳ ላይ ከሕዝቡ ጋር እንዲተዋወቁ ተባለ። የድምፅ ማጉያ ከደብረ ብርሃን በኪራይ መጣ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን መብራት ጠፋ። እንዲያስተዋውቁ የታዘዙት መምህር ዘሥላሴ፣ ራሳቸውም ከተመራጮቹ አንዱ ናቸው፣ ያለ ማጉያ ቢናገሩ ድምፃቸው ከፊት ረድፍ አላልፍ አለ። ከኋላ ያለው ሰው "አልተሰማም!" ይላል። አንድ ጎረምሳም "መምህር፣ ለራስዎ ነው እንዴ የሚነግሩት?" ብሎ ሰውን ሁሉ አሣቀ። በዚህ ጊዜ አቶ ገብረጻድቅ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ "ምን ያስጨንቃችኋል? የእኛው ልጅ አለ አይደል? ጡሩምባውን ይዞ ይምጣ" አሉ።

"አባባ፣ ይህ ጡሩምባ ለደስታ ተነፍቶ አያውቅም" አልኳቸው። "እንግዲያው ዛሬ ይልመዳ!" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ለአሳዳሪዬ እንቢ የምልበት አንደበት አልነበረኝም። መምህር ዘሥላሴ የእያንዳንዱን ስም፣ ሰፈርና ሥራ ብቻ እንድጠራ፣ የተጠራውም ለመድረክ ወደቆመው የጭነት መኪና እንደሚወጣ ነገሩኝ። እኔም መኪናው ላይ ወጣሁና ነፋሁት።

እትዬ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። እናቶች ሳይታወቃቸው ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚያደርጉት አዘቀዘቁ። ማለዳ ማለዳ ከየደጁ ብቅ ብሎ የሚያየኝ ያው የሐዘን ፊት በሜዳው ሙሉ ቆመ። ያንን ፊት ሳይ ለምን እንደወጣሁ ጠፋኝ፤ አፌም የለመደውን ያዘ። "የላይ ሰፈር ነዋሪ፣ የእድራችን አባል፣ አቶ ኃይለኢየሱስ ወልደኪዳን ስላረፉ፣ ሥርዓተ ቀብራቸው..." ብዬ ቆምኩ።

አቶ ኃይለኢየሱስ ባለወፍጮው ናቸው። ከተመራጮቹ ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኙት እሳቸው ስለነበሩ መጀመሪያ የሚጠሩትም እሳቸው ነበሩ፤ አንድ እግራቸውን ከመኪናው መወጣጫ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። አሮጊት እናታቸው ከሴቶቹ መካከል "ልጄን!" ብለው ጮኹ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ኃይለኢየሱስ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። "ቆይ እንጂ አንተ! ገና ወንበሩ ላይ እንኳ ሳልቀመጥ? እኔን ከቀበርክ ነገ የዚህን ሁሉ ሰው እህል ማን ሊፈጭ ነው?" ቢሉ ሜዳው በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ። ስማቸውን ግን ዳግመኛ በወጉ ሳልጠራ፣ በሣቁ መሐል ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

የምትቀጥለው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሔራን ነበረች። "እኔን በእጅህ ጥቀሰኝ፤ እመጣለሁ" ብላ ሳትጠራ ወጣች። የበግ ነጋዴው ተመራጭ አፌን ስከፍት አይተው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ፤ "ሰፈሬን ብቻ ጥራ፣ ሰዉ ያውቀኛል" ብለው ለመኑኝ። መምህር ዘሥላሴማ መኪናው ላይ ወጥተው ስማቸውን ራሳቸው ተናገሩ፤ አሁንም አልተሰማም። የቀሩት ሦስቱ እየተገፋፉ፣ ሁሉም ከሁሉ ኋላ መጠራት ፈልጎ፣ በመጨረሻ ሳይጠሩ አንድ ላይ ወጡ። እንዲህ እየተሣቀ ሥነ ሥርዓቱ አለቀ። እስከዚህ ያለውን ለእናታችን ያንብቡላት።

ረቡዕ ዕለት አቶ ኃይለኢየሱስ እህል ሲያፈሱ ወፍጮው ሥር ተጠቅልለው ወደቁ። በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። ጨጓራቸው ተበስቶ ኖሮ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ትኩሳቱ ግን እስካሁን አልለቀቃቸውም ይባላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ይሸሸኛል። ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለሱቋ ስሟን እንዳልጠራት ቀድማ ዳቦውን ታቀብለኛለች። ልጆች ሲያዩኝ "እንዳይጠራህ!" እየተባባሉ ይበታተናሉ። ወፍጮው ስለቆመ ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ወደ ጫጫ ከተማ የሚወስዱት በእኔ ደጅ ነው፤ ደጄ ላይ ሲደርሱ ወሬያቸው ይቋረጣል። የአቶ ኃይለኢየሱስ ታናሽ ወንድም ወልደ ሰንበት ደግሞ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመና፣ "ወንድሜ አንድ ነገር ከሆነ፣ ያን ቀን ጡሩምባ የምትነፋው አንተ አይደለህም፤ ላንተ ነው የሚነፋልህ" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር ሔራን ጭንቀቴን ሰምታ መጥታ ነበር። "ሕመሙ ከምርጫው በፊት ጀምሮ ሲያሠቃያቸው ነው የኖረው። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? በቃል ጨጓራ ይበሳል እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። የነገረችኝን አእምሮዬ ይቀበላል፤ ጉልበቴ ግን አይቀበልም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርዎት። እሱ አያምጣውና ክፉው ቢመጣ፣ የእድሩ ደንብ ነውና፣ አቶ ገብረጻድቅ መጥተው የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው። ያን ጊዜ ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ እሑድ ዕለት ካቆምኩበት ቃል ላይ መቀጠል ይሆንብኛል። የጀመርኩትን ራሴ ልጨርሰው ማለት ነው። ጡሩምባውን በጆንያ ጠቅልዬ ከድንኳኑ ሥር ደብቄዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ወዳለበት ባላይም የት እንዳለ ይታወቀኛል። ልብሴን ሸክፌ ወደ እናንተ ልምጣ ብዬ ነበር። ብሄድ ጥፋቴን አውቄ የሸሸሁ እመስላለሁ፤ ብቆይ ወልደ ሰንበት አለ። ምን ይመክሩኛል?

እትዬ፣ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቋርጬው ነበር። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልዎት ደብረ ብርሃን ከሆስፒታሉ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው።

ዛሬ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አቶ ገብረጻድቅ ናቸው ብዬ ነበር። ስከፍት የአቶ ኃይለኢየሱስ እናት ናቸው። ምርኩዛቸውን ደጄ ላይ ተክለው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ መልእክት ልኮብሃል። ያ ልጅ ሳያስተዋውቀኝ ነው የተወኝ፤ መጥቶ ይጨርስልኝ ይላል። እኔ እንኳ አትድረስበት ልልህ ነበር የመጣሁት። ግን ከተኛ ወዲህ ምግብ ሲሉት እንቢ፣ ውኃ ሲሉት እንቢ፣ የጠየቀው ነገር ይኸው ብቻ ነው። ምን ላድርግ? በል ተነሥ። እንደዚያን ቀን ብታደርገው ግን በዚህ ነጠላ ነው አፍህን የማፍነው።"

ሚኒባሱ ውስጥ በእማማና በወልደ ሰንበት መካከል ተቀመጥኩ። ወልደ ሰንበት እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "መስኮቱን ዝጋው፣ እማማን ይበርዳታል" አለኝ። ዘጋሁት። ላቤ ግን ይንጠባጠብ ነበር።

አቶ ኃይለኢየሱስ ከስተው፣ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ገብቶላቸው፣ የወፍጮው ዱቄት አሁንም ያልለቀቀው መስሎ ፊታቸው ነጥቶ ተኝተዋል። ሲያዩኝ "መጣህ፣ ቀባሪዬ?" አሉኝ። መሣቅ ፈልገው ቁስሉ ያዛቸው። "ቁም እስቲ። ስም፣ ሰፈር፣ ሥራ። እንደ ወጉ ጥራኝ።" በክፍሉ ያሉት ሕሙማን ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እማማ ነጠላቸውን በእጃቸው ጨብጠው አጠገቤ ቆሙ። ወልደ ሰንበት በሩን ተደግፎ ዓይኑን ከአፌ አልነቀለም።

"የላይ ሰፈር ነዋሪ፣ የእድራችን አባል፣ አቶ ኃይለኢየሱስ ወልደኪዳን" አልኩና ተያዝኩ። ያ የለመድኩት ቃል ከጥርሴ ሥር መጣ። እግዜር ያሳይዎት እትዬ፣ መጣ። እንደ ድንጋይ ዋጥኩት። ከዚያ "ባለወፍጮ፣ የቀጨሞ በር ከተማ ምክር ቤት ተመራጭ፣ ይኸው በፊታችሁ ያሉ!" ብዬ ጨረስኩ። ሳላስበው ጮኼ ኖሮ ነርሷ ሮጣ መጣች። እግሩን የተሰበረ አንድ ታማሚ አጨበጨበ፤ "እኛም እንመርጥዎታለን፣ ብቻ ዳኑ!" አላቸው። አቶ ኃይለኢየሱስ "ይኸው፣ አሁን ተዋወቅን" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን አዳመጡ። እንቅልፍ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወልደ ሰንበት ተከትሎኝ ወጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ግድግዳውን ተጠጋሁ። "የእኔን ስም ታውቀዋለህ?" አለኝ። "አውቀዋለሁ" አልኩት። "እንግዲያው ጥራኛ!" አለ። እምቢ ብል የባሰ ሆነብኝ። "ወልደ ሰንበት" አልኩ፣ በቀጭኑ። "ጮክ በል!" አለኝ። "ወልደ ሰንበት!" ብዬ ጠራሁት። "አቤት" አለኝ። እኔን እያየ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ አቤት አለኝ። ለካ እሱም ፈርቶ ኖሯል። በዚህ አገር ጮክ ብዬ ጠርቼው አቤት ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ሐኪሞቹ ትኩሳቱ ገና አልወረደም፤ የሚመጡት ቀናት ይወስናሉ ብለዋል። ወልደ ሰንበት እናቱን ይዞ ሲመለስ ወንድሙን ለማስታመም እንድቀር ጠይቆኝ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ልብሴን አልሸክፍም። አሁንም እፈራለሁ እትዬ። ይህን ስጽፍ እንኳ የሕንፃው በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ክፉው ከመጣም ተመልሼ የምጠራቸው እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው አልተወውም። ነገር ግን እስትንፋስ ያለውን ሰው በስሙ ሳልጠራ መኖር አልችልም።

ስለዚህ ሰላምታዬን እንዲህ አድርገው ያድርሱልኝ። እዚህ አጥር ሥር ማንም ስለሌለ፣ እያንዳንዱን ስም ከመጻፌ በፊት ጮክ ብዬ እየጠራሁት ነው። እናቴን ወለተ ጊዮርጊስን፤ ጋሼ ኪዳነ ማርያምን፤ ትንሿን ልጅዎን ኤልሮኢን፤ ጎረቤታችንን አባ ገብረ ሕይወትን። እርስዎንም፣ ከላይ የነሣሁዎትን ስም እዚህ ልመልስልዎትና፣ እትዬ በሰለች። ደብዳቤውን ሲያነቡት ሁላቸውንም ሰብስበው፣ ስማቸው ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይበሉልኝ። እናታችን ዓይኗ ባያየኝም ድምፄን ታውቀዋለችና፣ የጠራኋት እኔ መሆኔን ይንገሯት። ሁሉም በየተራው አቤት ይበልልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
እሱባለው

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.