ከብብት ሥር ያለ ጨርቅ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽን ከጠየቅሁ በኋላ ወገብሽን ለብቻው እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ጎንበስ ማለት አቃተኝ ብለሽኝ ነበርና። ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? መንትዮቹስ አሁንም በየተራ ነው የሚታመሙት? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው፤ ድካሙን ግን ተይው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ የእማዬ ድምፅ ከኋላሽ ሲሰማኝ አፌ ሌላ ሌላ ይናገራል። ስለዚህ ይህን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው።

ሥራህ ምንድን ነው ባልሽኝ ቁጥር ኮምፒውተር ነው እያልኩ አልፌሻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በምንሠራው የአኒሜሽን ፊልም ሰዎቹን የሚያንቀሳቅሷቸው ሌሎች ናቸው፤ እኔ የልብሳቸው ጠባቂ ነኝ። ኮምፒውተሩ ገላ ጠጣር መሆኑን አያውቅም። ጨርቁ ጉልበት ሲነካ መቆም እንዳለበት ካልነገርሽው፣ ሰተት ብሎ በሥጋ ውስጥ ያልፋል። እኛ ግጭት እንለዋለን፤ ቀኑን ሙሉ የማሳድደው እሱን ነው።

በሙከራ ጊዜዬ ማብቂያ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሰጠኝ። ሰፊ ካባ ለብሶ፣ ከመንገድ የመጣች ልጁን ያቅፋል። ይህ ትዕይንት ካለፈ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ቋሚ ከሆንኩ ፈቃድ አገኛለሁ፤ ፈቃድ ካገኘሁ ለእማዬ ቃል እንደገባሁት እመጣለሁ። ሁሉም ነገር በዚያ ካባ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ካባው ግን እምቢ አለ። ሽማግሌው ልጁን ጭምቅ ሲያደርጋት፣ ብብቱ ሥር ያለው ጨርቅ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ከገላው ራቅ ባደርገው ነፋስ የሞላው ከረጢት መሰለ። ባከብደው ክርኑ ካባውን በስቶ ብቅ አለ። ዓይኔ እስኪቀላ ተመላለስኩበት። በመጨረሻ ቢጨንቀኝ ካባውን ደበቅሁና ራቁት ገላውን አየሁት፤ ለካስ ክንዱ የጎን አጥንቱ ውስጥ ሰምጧል! ካባው ስለሚሸፍነው ማንም ልብ አላለውም። ጨርቁ ከክንዱም ከጎኑም ውጭ እንዲሆን ታዟል፤ በመሃላቸው ደግሞ ቦታ የለም። ምን ያድርግ ታዲያ?

ሽማግሌውን ወደሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሄድኩ። ቢሮው ሁሉ አባ ቁጡ ይለዋል። የትምህርት ቤት አቧራህን ሳታራግፍ የእኔን ክንድ ልታርም መጣህ? ብሎ ጮኸብኝ። የሽማግሌውን ራቁት ገላ ሳሳየው ግን፣ እስቲ ወንበር ሳብ አለኝ። ክንዱን ከጎኑ ትንሽ ፈቀቅ ሲያደርገው ካባው ጸጥ ብሎ ተኛልኝ። ደስታዬ ግን አልሰነበተም። አለቃችን አየችውና፣ ይሄ ሰውዬ ልጁን እያቀፋት ነው ወይስ ቀሚስ ሊያሰፋላት እየለካት? ብላ መለሰችብን።

እውነቷን ነው፤ እቅፉ ቀዝቅዞ ነበር። ክንዱን ወደ ቦታው መለስነው። እኔም ካሜራው የማያየውን፣ ብብቱ ሥር የተደበቀውን ጨርቅ ብቻ፣ ገላ ሲነካ ቁም የሚለውን ትእዛዝ አጥፍቼ ከገላው ጋር አጣበቅሁት። የቀረውን እንደ ልቡ ይወዛወዝ ብዬ ለቀቅሁት። ትናንት አለፈ። አባ ቁጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ሁለተኛ የእኔን ሽማግሌ ለሰው ራቁቱን እንዳታሳይ አለኝ።

ቋሚ ሆኛለሁ፣ እታለም። እልል በይልኝ፣ ግን ቀስ ብለሽ። አለቃችን ወዲያው የገበያውን ትዕይንት ሰጠችኝ፤ ነፋስ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ካባ ለባሽ ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር ፊልሙ ሲያልቅ ነው አለች። መቼ ያልቃል ብላት ሳቀች። እናቴ ትጠብቀኛለች ልላት አስቤ ነበር፤ ግን ያንን ሁሉ ካባ በነፋስ ሲውለበለብ ሳስበው ልቤ ዘለለ፣ አፌም እሺ አለ። ስለዚህ ዘንድሮ አልመጣም።

ባለቤትሽን ትከሻውን ነክተሽ ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን እኩል ሳሚያቸው፤ አለዚያ ይጣላሉ። ጎረቤታችንን ባለሱቁን ሬዲዮውን ካልቀነሰ በእኔ ስም ተቆጪው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ነገሩንም አንቺው ንገሪያት። አይመጣም በያት እንጂ ይዘገያል አትበያት። ይዘገያል ካልሻት ኮቴ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ማክሰኞ ጥቅምት ፲፪ ቀን